ስምንት ጥማድ በቨርጂኒያ

ዋረንተን፣ ቨርጂኒያ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ከምንጃር ስነሣ «የወንድምሽን እርሻ በዓይንሽ አይተሽ እውነቱን ጻፊልኝ፤ በስልክ የሚልከው ፎቶ አላሳመነኝም» ብለውኝ ነበርና ይኸው እውነቱን እጽፋለሁ።

ቦታው ከዋሽንግተን በስተደቡብ ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፣ የብሉ ሪጅ ተራሮች በሩቁ የሚታዩበት ገጠር ነው። መሬቱ አምስት ኤከር፣ በእኛ ስምንት ጥማድ ገደማ ይሆናል። ሞፈርና ቀንበር አይፈልጉ፤ የሚቆፈረው የጓሮ አትክልት ብቻ ነው፣ የቀረው ሁሉ ሣር። ሳቅዎን ያቆዩልኝና፣ በዚህ አገር ይህም እርሻ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በዓመት 1,000 ዶላር የሚያወጣ ምርት የተሸጠበትን ወይም ሊሸጥበት የሚችልን ቦታ ሁሉ እርሻ ብሎ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ የአንድ እርሻ አማካይ ስፋት 463 ኤከር ነበር። ልጅዎ የዚያን ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይዞ «ገበሬ ነኝ» ይላል።

ቤቱ የሚነሣው ሳይነጋ ነው። ምራትዎ ነርስ ስለሆነች ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ሠርታ የምትገባው ልጆቹ ሲነሡ ነው። ትልቁ ጉረኖውን ከፍቶ ውኃ ይቀይራል፣ ታናሿ እንቁላል ትለቅማለች። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲመጣ ድርቆሽ በሹራባቸው ላይ እንደተሰካ ይሳፈራሉ። ወንድሜ ፍየል አልቦ፣ እጁን ታጥቦ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። በስብሰባው መሃል አውራ ዶሮው ይጮሃል፤ አለቆቹም ለምደውታል።

ፍየሎቹን ቢያዩ «እነዚህ መቼ ያድጋሉ?» ማለትዎ አይቀርም። አድገው ጨርሰዋል። የናይጄሪያ ድንክ የሚባል ዝርያ ናቸው፤ ቁመታቸው ከጉልበት ብዙም አያልፍ፣ ወተታቸው ግን ቅባታም ነው። ጥቅምት ላይ ተጠቅተው አምስት ወራቸውን ቆጥረው ሰሞኑን ወለዱ። አንዷ መንታ ስትወልድ እኔም ነበርኩ። ሌሊት ነው፤ ልጆቹ ባትሪ ያበራሉ፣ ወንድሜ የግልገሎቹን አፍንጫ በጨርቅ ይጠርጋል። ወዲያው እንገሩን እንዲጠቡ አፋቸውን ከጡቱ ሲያገናኝ ትልቁ ልጅ «ይህን ከዩቲዩብ ነው የተማርከው?» አለው። «ከአያትህ» ሲለው ልጁ አላመነም፤ ወደ እኔ ዞሮ አረጋገጠ።

ልጆቹ ለሁሉም ስም አውጥተውላቸዋል፤ መዘዙ የመጣውም ከዚህ ነው። እኛ ቤት ቡሬም ዳልቻም ስም ነበራቸው፣ ቀናቸው ሲደርስ ግን ስማቸው አላዳናቸውም። እዚህ ስም የወጣለት አይታረድም። ጉረኖ ሙሉ ፍየል እያለ የፋሲካው በግ የሚገዛው ከሌላ ገበሬ ነው! ይህን ነገር አልወደድኩትም፤ ለወንድሜም ነገርኩት። «እስቲ አንቺ ለልጆቹ ንገሪያቸው» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

የዶሮው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት በማለዳ ከፖስታ ቤት ተደወለ፤ ጫጩቶቻችሁ ደርሰዋልና ውሰዱ ተባልን። አዎ፣ ጫጩት በፖስታ! የአንድ ቀን ጫጩት በፖስታ መላክ እዚህ ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ጫጩት ሊፈለፈል ሲል የአስኳሉን ትርፍ ወደ ሆዱ ስለሚስበው እስከ ሦስት ቀን ያለ ጥሬና ያለ ውኃ ይቆያል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ከነጩኸቱ መኪና ውስጥ ገባ። ታናሿ እያንዳንዱን መንቁሩን ውኃ አስነክራ፣ መጠጣቱን ሳታይ አልለቀቀችም። የእናት ዶሮን ክንፍ የሚተካው 35 ዲግሪ የሚያሞቅ አምፖል ነው።

ትልልቆቹ ዶሮዎች ጾም አያውቁም። እንቁላል የሚያስጥላቸው የቀኑ ብርሃን መርዘም ነው፤ ስለዚህ በገና ሰሞን ቢለምኗቸውም አይጥሉም፣ ሁዳዴ ሲገባ ግን ማቀዝቀዣው ሞልቶ ይተርፋል። ወንድሜና ምራትዎ ስለሚጾሙ እንቁላሉ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. በወፍ ጉንፋን ብዙ ዶሮ በማለቁ ሱቅ ውስጥ ደርዘኑ ወደ 6 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ዘመድ ሆነ።

ከነዚህ አንዱ፣ ፈረስ የሚያረቡ ሽማግሌ፣ ለእንቁላሉ ውለታ አንድ እስር ድርቆሽ አመጡ። ብፈታው ጤፍ ነው! እዚህ ጤፍን ፍሬ ሳይዝ በለጋው አጭደው ያደርቁታል። ስኳሩ አነስተኛ ስለሆነ ለወፈሩ ፈረሶች ይመከራል አሉኝ። እርስዎ ለበሬዎ ጭዱን ይሰጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ ነዶውን ሳያዩ ለፈረስ ያቀርባሉ። በዚያው ሳምንት እኛ እንጀራ ከአሌክሳንድሪያ በመኪና እናስመጣለን።

ችግር የለም አልልዎትም። ቀበሮ አለ፣ ጭልፊት አለ፤ ራኩን የሚባል፣ ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል አውሬም ቀላል መቀርቀሪያ በእጁ ከፍቶ ይገባል። ለቀበሮውና ለራኩኑ ሲሉ አጥሩን የኤሌክትሪክ አድርገውታል። ማታ ማታ ልጆቹ መዥገር እንዳይኖርባቸው ገላቸው ይታያል፤ የዚህ አገር የአጋዘን መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ያስይዛል።

ወንድሜ ሒሳቡንም አልደበቀኝም። መኖው፣ አጥሩ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ሲደመር ገቢው አይሸፍነውም፤ ጉድለቱን ደመወዙ ይሞላል። እንግዲህ የጠየቁኝ እውነት ይህ ነው፦ ልፋቱ የገበሬ ልፋት ነው፣ ሥጋቱ ግን አይደለም። ዝናብ ቢቀር አትክልቱ ይደርቃል እንጂ ቤቱ አይራብም። እርስዎ ሰማይ ሰማይ እያዩ ልጅ ያሳደጉበትን እርሻ ከዚህ ጋር አያወዳድሩት። ገንዘብ ከሰረ ብለውም አይዘኑ። ፍየሎቹ ሳይታለቡ በዚህ ቤት ስልክ የሚነካ ልጅ የለም፤ ከተማ ባሉት ዘመዶቻችን ቤት ይህን አላየሁም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ትልቁ ልጅ ግልገሎቹን መቼ ከጡት እንደሚለይ ከእርስዎ መስማት ይፈልጋል። እሑድ ይደውላል። አማርኛው ገና ስለሚሰባበር ቀስ ብለው ያናግሩት፤ ስለ ፋሲካው በግም እርስዎ ይንገሩት፣ እኔ ብነግረው እንቢ ብሎኛል።

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ልጅዎ