«ቅጂ ይዣለሁ» ብዬ ነበር

ታላቅ እህቴ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በዚያን ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ከተመለሰች በኋላ፣ ማታ ማታ ቤት ባለው ዴስክቶፕ የጥቂት ነጋዴዎችን መዝገብ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ትይዝ ነበር። የዚያ ኮምፒውተር ዳታ በአንድ የነሐሴ ሌሊት ጠፋ። ቤተሰቡ የሚያውቀው «መብራት ሄዶ ነው» የሚለውን ነው። መብራት መሄዱስ እውነት ነው። የቀረውን ለዓመታት ውጬው ኖሬያለሁ።

ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ነበረው። ፒችትሪውም አማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም፣ ለሥራዋ የሚያስፈልጋት ሁሉ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ሊኑክስ ያማረኝ እኔ ነኝ። ኡቡንቱ የሚባለውን ልጫንበት ብላት «ሥራዬን ካልነካ ምን ቸገረኝ» አለች። በአንድ ሊኑክስ መቼ በቃኝ፤ ሚንትን ጨመርኩ፣ ቀጥሎ ፌዶራ አሰኘኝ። ጓደኞቼ ሲመጡ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳና ስሞቹ የተደረደሩበትን ጥቁር ገጽ አሳያቸዋለሁ፤ ጥቅሙ ይኸው ነበር። ሚንት የተሠራው በኡቡንቱ ላይ ነው፤ መልኩን ብቻ ብፈልግ ኡቡንቱው ላይ ሌላ ዴስክቶፕ መጫን ይበቃኝ ነበር። ፌዶራም ቢሆን የሚሄደው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው በዚያው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ነው።

ከአደጋው በፊትም እህቴን ሳስቸግራት ነው የከረምኩት። ማሽኑ ሲነሳ የሚያስመርጠው ግራብ የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ካልነኩት 10 ሰከንድ ይጠብቅና ሊኑክሱን ያስነሳል። እህቴ ኮምፒውተሩን አብርታ ቡናዋን አይታ ስትመለስ፣ ፒችትሪ የሌለበት የማታውቀው ገጽ ተዘርግቶ ይጠብቃታል። «ወደ ታች የሚለውን ይህን ያህል ጊዜ ተጫኚ» ብዬ አስተማርኳት። አዲስ ከርነል በወረደ ቁጥር ግን ዝርዝሩ ይረዝማል፣ ዊንዶውስም አብሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትምህርቴ ከሽፎ እንደገና ትጠራኛለች። ሰዓቱ ሌላ ጣጣ ነበር። ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነባል። እኔ ደግሞ ማወቄ መስሎኝ ሊኑክሱን ስጭን «ዩቲሲ ይሁን» ብዬዋለሁ። እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ እኔ ሌሊት በሊኑክስ ሳመሽ እሷ ጠዋት ዊንዶውስ ስትከፍት ሰዓቱን 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኘዋለች። «ለዚህ ኮምፒውተር ገና አልነጋለትም» ትልና በእጇ ታስተካክለዋለች። እኔ ዘንድ የአንድ መስመር ሥራ ነበር። ስትስቅ እስቃለሁ እንጂ አላስተካከልኩትም።

ዋናው መዘዝ የመጣው ከዲስኩ ክፍፍል ነው። በድሮው የኤምቢአር አሠራር ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ነው። 446ቱ ለማስነሻው ኮድ፣ 64ቱ ለክፍፍሉ ሠንጠረዥ፣ የቀሩት 2ቱ ለመለያ ምልክት ናቸው። አንድ ክፍፍል 16 ባይት ስለሚይዝ ሠንጠረዡ ከአራት በላይ አይመዘግብም። የእህቴ ዲስክ አራቱንም ሞልቶታል፦ ዊንዶውስ ለራሱ የሚያስቀራት 100 ሜጋባይት፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። መውጫው ከአራቱ አንዱን አጥፍቶ በቦታው በውስጡ ብዙ የሚከፋፈል «ኤክስቴንድድ» መፍጠር ነው። ኢ ላይ የነበረውን ወደ ዲ ገለበጥኩና ኢን አጠፋሁት፤ ኡቡንቱና ሚንት እዚያ ገቡ። እስከዚህ ሰላም ነው፤ ዲ ግን ጢም አለ። የእህቴ ሀብት ደግሞ ያለው እዚያው ዲ ላይ ነው። «ሲ ፎርማት ሲደረግ ይጠፋብሻል» የሚለውን የሁሉንም ሰው ምክር ሰምታ የደንበኞቿን የፒችትሪ ዳታ፣ ስካን ያደረገቻቸውን ደብዳቤዎች፣ የልጆቿን ፎቶ ሁሉ ወደ ዲ አዛውራዋለች።

ለፌዶራ የሚሆን ባዶ ቦታ የተረፈው ሲ ላይ ብቻ ነበር። ከሲ የሚቆረጠው ቦታ ግን የሚወድቀው በሲና በዲ መካከል ነው፤ ኤክስቴንድዱ ያለው ከዲ ወዲያ። ሁለቱ እንዲገናኙ ዲ እንዳለ ወደ ግራ መጠጋት አለበት። ዲስክ በሚከፋፍለው ፕሮግራም በጂፓርትድ ላይ ይህ ሥራ በማውስ የሚጎተት አንድ ባለ ቀለም ሳጥን ነው፤ ቀላል ይመስላል። ከሥር የሚሆነው ግን እያንዳንዷ መረጃ ከነበረችበት ተነብባ ወደ አዲሱ ቦታ መጻፏ ነው። አዲሱና አሮጌው ቦታ ስለሚደራረቡ የተነበበው ላይ እየተጻፈበት ይሄዳል። በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት ሲሆን ሰዓታት ይፈጃል። መሀል ላይ ከተቋረጠ ግማሹ በአዲሱ ቦታ፣ ግማሹ በአሮጌው ይቀራል፤ ማንም መጥቶ ከቆመበት አይቀጥለውም። ፕሮግራሙ ይህን ስለሚያውቅ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዳታ ሊጠፋ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፣ ቅጂ ያዙም ይላል።

እህቴም ብላ ነበር። በሩ ላይ ቆማ «አንተ፣ የዲን ነገር አደራ! ቅጂ ይዘሃል አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ፣ ይዣለሁ» አልኳት።

አልያዝኩም። ከጓደኛዬ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ልዋስ አስቤ «ቅዳሜ እሰጥሃለሁ» ብሎኛል። እኔ ዘንድ ያለችው 8 ጊጋ ፍላሽ ናት። ቅዳሜን መጠበቅ አቃተኝና ጀመርኩት። ማሽኑ ዴስክቶፕ ነው፣ ባትሪ የለው፤ ዩፒኤሱ ከሞተ ቆይቷል። አዲስ አበባ በክረምት መብራት እንደሚሄድ የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ። ሄደ።

መብራቱ ሲመጣ የጠፋ ዳታ የሚፈልጉትን ፕሮግራሞች ያዝኩ። ቴስትዲስክን ሞከርኩ፤ የክፍፍሉን ድንበር አገኘልኝ፣ ፋይሎቹን ግን ሊያወጣቸው አልቻለም። ፎቶሬክ አብዛኛውን የልጆቹን ፎቶ መለሰ፤ ስማቸው ጠፍቶ፣ ሁሉም ቁጥር ሆነው። የፒችትሪው ዳታ በዚያው ቀረ። በዚያን ጊዜ የደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ ሒሳቡን እስከ ጳጉሜን ማለቂያ ማሳወቅ ነበረበት። እህቴ ከየነጋዴው ቤት ደረሰኙን በፌስታል እንደገና ሰብስባ፣ ካለፈው ዓመት ሐምሌ ጀምራ አንድ በአንድ መልሳ አስገባችው። የዓመት ፈቃዷ በዚሁ አለቀ። አንዱ ነጋዴ መዝገቡን ወደ ሌላ ሰው ወሰደ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ደረሰኝ አነብላት ነበር፤ ላየኝ ሰው ደግ ወንድም እመስል ነበር። «ቅጂውስ?» ብላ ስትጠይቀኝ «እሱም አብሮ ተበላሸ» አልኳት። ለሚጠይቃት ሁሉ «መብራት ነው» ትላለች፤ እኔም እየሰማሁ ዝም።

ዛሬ ማሽኖቹ ተለውጠዋል። ኤምቢአርን የተካው ጂፒቲ በተለመደው አሠራሩ 128 ክፍፍል ይመዘግባል፤ በአዲሱ የማስነሻ አሠራር በዩኢኤፍአይ ደግሞ እያንዳንዱ ስርዓት ማስነሻውን በየራሱ ፎልደር ያስቀምጣል። ጣጣው ግን አላለቀም። ኡቡንቱና ሚንት እዚያም «ኡቡንቱ» በሚል በአንዱ ፎልደር ስለሚጠቀሙ የኋለኛው በፊተኛው ላይ ይጽፍበታል። «ፋስት ስታርትአፕ» የበራበት ዊንዶውስ ጠፋ ሲባል በደንብ አይዘጋም። ቢትሎከር ያለበት ላፕቶፕም ማስነሻው ሲነካ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ስዘረዝር ባለሙያ እመስላለሁ። ያን ሌሊትም ስለ ዲስክ የሚያስፈልገኝን አውቅ ስለነበር «ሳላውቅ ነው» የምልበት በር የለኝም። አሁን ላፕቶፔ ላይ ያለው አንድ ዴቢያን ነው፤ ሌላ ሊኑክስ ካማረኝ በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ እሞክረዋለሁ። በሰው ማሽን ላይ ሁለተኛ ስርዓት ጫንልን የሚሉኝን ሁለተኛ ዲስክ ግዙ እላቸዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ከመስጠቴ በፊት ለእህቴ እውነቱን ነገርኳት። ቅጂ አልያዝኩም ነበር አልኳት። ያለችው «የፒችትሪው ዳታ እኮ ፍላሽህ ላይ ተገልብጦ ይተርፈው ነበር» ነው። ልክ ናት። የዓመቱ ሒሳብ በሙሉ አንድ ጊጋ እንኳ አይሞላም ነበር።

እናንተም ኮምፒውተራችሁን ለወንድም፣ ለጎረቤት ልጅ ወይም ለባለሙያ ስትሰጡ «ቅጂ ይዘሃል?» ብላችሁ አትለፉት። ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ በዓይናችሁ እስክታዩት ድረስ ማሽኑን አታስነኩ።