ቀጋና ጽጌረዳ

በይልማና ዴንሳ የእርሻ ድንበርና የወንዝ ዳር ቀጋ የሚባለው እሾሃም ቁጥቋጦ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ነጭ አበባው በአምስት ስስ ቅጠሎች ሲፈካ መዓዛው ከመንገደኛው አፍንጫ ይደርሳል፤ ሲበስል የሚቀላውን ፍሬውን እረኞች እየለቀሙ ይበላሉ፤ እሾሁን ደግሞ ገበሬው ለአጥር ይቆርጠዋል። ይህ ቁጥቋጦ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪቃ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዘር መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሌይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ባሳተመው የጽጌረዳዎች መጽሐፍ ሮዛ አቢሲኒካ ብሎ መዝግቦታል። እንግዲህ ጽጌረዳን «የፈረንጅ አበባ» ብሎ የሚያጣጥል ሰው የገዛ አጥሩን ልብ ብሎ አላየም ማለት ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በሚያገኟት በአዴት ከተማ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ይኖራሉ። ግቢያቸው ጠባብ ነው። ጌሾ፣ ጎመንና ጥቂት ድንች ከያዙት የተረፈው ቦታ ላይ አራት እግር ጽጌረዳ ቆሟል። ቀድሞ ሰባት ነበር። ኑሮ በከበደበት አንድ ዓመት ሦስቱን በገዛ እጃቸው ነቅለው በምትካቸው ጌሾ ተከሉ።

በመጋቢት ሐሩር፣ ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት ወቅት፣ ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ አሻግራ እያየች ጠየቀቻቸው፦ «እትዬ፣ ይችን ጀሪካን ውኃ ለጌሾው ቢያደርጓት ለፋሲካ ይደርስልዎት ነበር። እሾህ ውኃ ጠጥቶ ምን ይሰጣል?»

ጥያቄው በፈገግታ የሚታለፍ አይደለም። አዴት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የግብርና ምርምር ማዕከል ያላት፣ ጤፉና ስንዴው፣ ድንቹም የሚመረመርባት፣ አፈር በኩንታል የሚለካባት አገር ናት። የጌሾ ቅጠል ገበያ ይወጣል፤ የጽጌረዳ ቅጠል ግን መሬት ላይ ረግፎ ይቀራል። በ1990ዎቹ በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ የተስፋፉትን የአበባ እርሻዎች ጠቅሶ «ጽጌረዳ እኮ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል» ብሎ መመለስ ይቻል ይሆናል። ዳሩ ግን ይህ ከጥያቄው ማምለጥ ነው። የእርሻው ጽጌረዳ ገና እንቡጥ ሳለ ተቆርጦ፣ በቅዝቃዜ ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይሄዳል፤ የለፋበት ሠራተኛ ሲፈካ አያየውም። የአዴቲቱ መምህርት ግን ጽጌረዳውን የተከሉት ሲፈካ ለማየት ነው። ለጎረቤታቸውም የመለሱላት ይህንኑ ነበር፦ «አይበላም፣ እሙዬ። ይታያል።» ጎረቤቲቱ በመልሱ ረክታ እንደ ሄደች የሚያሳይ ምልክት አልነበረም።

ለማየት ሲባል የሚደረገው ድካም ምን ያህል ነው? በሰኔ ዝናቡ ሲገባ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ከአራት ያላነሰ ዐይን የያዘ ቅርንጫፍ ይቆረጣል። የታች ቅጠሎቹ ተመልምለው ግማሽ ያህሉ በጥላ ሥር ባለ ለስላሳ አፈር ይቀበራል። ሥር እስኪያበጅ ሳምንታት ይፈጃል፤ አብዛኛውም ይደርቃል። ሥር ያበጀው ፀሐይ ወደሚያገኝበት ስፍራ ይዛወራል። ዋልካ መሬት ክረምቱን ውኃ ስለሚያቁር ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ መደብ ይሠራለታል። የቆየ የከብት ፍግ ይወዳል፤ ትኩሱ ግን ያቃጥለዋል። ውኃው ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይፈስም፤ ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣና ይረግፋል። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ሻጋታ ይመጣል። በለጋው ጫፍ ላይ የሚሰፍረው ክሽክሽ ጥቂት ሳሙና በገባበት ውኃ ይታጠባል። ባለቅኔዎቻችን ጽጌረዳን ከቆንጆ ጉንጭ ጋር ሲያነጻጽሩ ኖረዋል፤ ክሽክሹን ለማንሣት ግን ብዙም አልደፈሩም።

ከሁሉ የሚከብደው መግረዝ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ የደረቀውና እርስ በርሱ የተጠላለፈው ቅርንጫፍ ሁሉ ይወገዳል። ጤነኛውም ቢሆን ወደ ውጭ ከምታይ ዐይን ጥቂት ከፍ ብሎ በአግድሞሽ ይቆረጣል። እዚህ ላይ የጀማሪ ሁሉ እጅ ይፈራል፤ ያደገውን መቁረጥ በደል መስሎ ይታየዋልና። ያልተገረዘው ግን ይረዝምና በጫፉ ብቻ ያብባል፤ መካከሉም ይራቆታል። በቅጡ የተገረዘው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያብባል። መምህርቲቱ ቀኑን የሚቆጥሩት በዘመነ ጽጌ ነው፦ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምባቸው ሳምንታት። ቀጋ በዓመት አንዴ አብቦ ይበቃዋል፤ የጓሮው ጽጌረዳ ግን ከቻይና ዝርያዎች በወረሰው ጠባይ ደጋግሞ ያብባል፤ ደጋግሞ ማበቡም ደጋግሞ መመገብን ይጠይቃል።

ውኃውን በተመለከተ በመጨረሻ የተገኘው መላ ቀላል ነው። ለጌሾው ንጹሑ ውኃ፣ ለጽጌረዳው ሩዝና አትክልት የታጠበበት እጣቢ ተደለደለ። በሚያዝያ እጣቢውም ሲያንስ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ መምህርቲቱ ያዩታል፤ ወደ ጌሾው ጀሪካን ግን እጃቸውን አይሰዱም።

አሁን ጣቶቻቸው መቀስ ማጥበቅ ተስኗቸዋል። ባለፈው ነሐሴ የገረዘችው የጎረቤታቸው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ነበረች። መምህርቲቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በምርኩዛቸው ዐይኒቱን ያመለክቷታል፤ እሷም ትቆርጣለች። አንዱን ቅርንጫፍ ከተነገራት በታች፣ ከግንዱ አጠገብ ቆረጠችው። ደንግጣ ቀና አለች። መምህርቲቱ ምንም ሳይሉ ምርኩዛቸውን ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ አዞሩ። እናቲቱ በአጥሩ ማዶ ቆማ ልጅቱን ለመጥራት አፏን ከፈተች፤ ጥቂት አየችና ሳትጠራት ተመለሰች።