ሀን ሞቷል፣ ተዉት

እኛ አራት ነን። ሦስታችን የአራዳ ልጆች፣ አንዱ የኮልፌ ልጅ (አብሮን ስንት ዓመት ቆይቶም "ፋራ" ማለታችንን አልተውንም)። ስንገናኝ ስለ ደሞዝ ትንሽ እናማርራለን፣ ስለ ቤት ኪራይ ብዙ እናማርራለን፣ ከዚያ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ወደ ዋናው ጉዳይ እንገባለን። ሀን ሞቷል ወይስ አልሞተም?

የትኛው ሀን ለምትሉ፣ የ"ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ"ሱ ሀን ነው። ሰንግ ካንግ የሚጫወተው፣ አፉ ከቺፕስ የማይለየው፣ ዓለም ቢገለበጥ የማይቸኩለው።

እናላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሦስተኛው ፊልም፣ "ቶኪዮ ድሪፍት" ላይ፣ የሀን መኪና ተገጭታ ተገለበጠች፣ በእሳት ጋየች። ሞተ። በ2009 አራተኛው ወጣ። ሀን ከነሕይወቱ ከዶም ጋር ነዳጅ ሲዘርፍ አየነው። በአምስተኛውም አለ፣ በስድስተኛውም አለ። ምን ተብሎ ነው? "ሦስተኛው ፊልም በታሪኩ ከስድስተኛው በኋላ ነው" ተባልን። እሺ አልን። ግን ከ2013ቱ ፊልም በኋላ በሚሆነው ታሪክ ውስጥ ሰው ሁሉ ታጣፊ ሞባይል ይዞ ምን ይሠራል? ይሄንን እስከ ዛሬ የመለሰልን የለም።

በስድስተኛው መጨረሻ ደግሞ ግጭቱ አደጋ አልነበረም፣ ዴካርድ ሾ ነው ሆን ብሎ የገጨው አሉን። ሰውየውን ጠላነው። በ2017 ስምንተኛው ሲመጣ ያው ገዳይ ከነዶም ጋር ማዕድ ቀረበ። በዓለም ዙሪያ ያሉ አድናቂዎች "ፍትሕ ለሀን" ብለው ጮኹ። ፊልሙን የሚሠሩት ሰዎችም ሰሟቸውና በ2021 በዘጠነኛው ሀንን አስነሱት። ሞቱ ትያትር ነበር ተባለ። ፍትሕ የጠየቀ ሰው ትንሣኤ ተሰጠው።

የትኛው ነው እውነተኛው ታሪክ የሚለውን ነገር ፈረንጆቹ ካነን ይሉታል። እኛ ቀኖና እንላለን፣ ሥሩ አንድ ቃል ነው። ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ሲባል እየሰማ፣ ጎረቤቱ ስድሳ ስድስት ብቻ ሲቆጥር እያየ ላደገ ልጅ በቀኖና መከራከር ብርቅ አይደለም።

የእኛን ቀኖና ግን ሆሊውድ አልወሰነውም። ወላጆቻችን ፊልም ያዩት ሲኒማ ኢትዮጵያና አምፒር ገብተው፣ ትኬት ቆርጠው ነው። እኛ ያየነው ዶሮ ማነቂያ ከነበረች አንዲት ጠባብ ፊልም ማከራያ ተከራይተን ነው። አንድ ዲስክ ላይ ብዙ ፊልም ይታጨቃል፣ ማን እንደደረደረው አይታወቅም። በእኛ ዲስክ ላይ "ቶኪዮ ድሪፍት" መጨረሻ ላይ ነበር። ስለዚህ ሀን ዘረፈ፣ ሳቀ፣ ቺፕሱን በላ፣ በመጨረሻ ሞተ። ከዚያ በኋላ የሚጫን ነገር አልነበረም። እጃችን ጨው በጨው እንደሆነ ቁጭ ብለን አለቀስን።

የኮልፌው ልጅ ሌላ ቀኖና አለው። እሱ ያየው በአማርኛ የተተረከውን ነው። ተርጓሚው "ሀንና ዶም የአክስት ልጆች ናቸው" ብሏል ብሎ ይምላል። ለዓመታት ሳቅንበት። ዘጠነኛው ፊልም ሲወጣ ግን ዶም ያኮብ የሚባል ወንድም አለው ተባልን። የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በ2001 ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ቤተሰብ ሲሰብክ የኖረ ሰው የገዛ ወንድሙን ስም አንዴ እንኳ አላነሳም! "ታዲያ የኔ ተርጓሚ ምን አጠፋ?" አለ የኮልፌው ልጅ። መልስ አጣን።

"ሞቷል፣ ተዉት" ባይዋ የዶሮ ማነቂያዋ ልጃችን ናት። ፖል ዎከር በ2013 በእውነተኛ የመኪና አደጋ ሲሞት በፊልሙ ውስጥ ብራያንን አልገደሉትም፣ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ሸኙት። እሱን አትቃወምም፤ "እሱ ስንብት ነው" ትላለች። ሀንን ግን አትቀበልም። "ያለቀስኩበትን ልቅሶ ማን ይመልስልኛል?" ትላለች።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የእነሱም ቤት አብሮ ፈረሰ። ቤተሰቧ ከከተማው ዳር ገባ። አሁን እኛን ለማግኘት ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ድሮ ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት ጋ ተገናኝተን በእግር ነበር እነሱ ቤት የምንወርደው።

አንድ ምሽት በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ስንሄድ ፊልም ማከራያዋ የት እንደነበረች ክርክር ተነሣ። አንዳችን ከመብራቱ ምሰሶ ሥር ነበረች አልን። ሌላችን የለም፣ ከመንገዱ ማዶ ነው አልን። የኮልፌው ልጅ ጭራሽ ወደ ላይ ወሰዳት። ጋዜጠኝነት ስንማር ያልተጣራ ወሬ ዜና አይሆንም ተብለን ነበር፤ ይኸው ሦስት ምንጭ፣ ሦስት ቦታ። ልጃችን ቆማ ታየን ነበር።

"እዚያ የኖርኩት እኔ ነኝ" አለችና በጣቷ አሳየችን። ያሳየችን ቦታ ላይ ሣር ተተክሏል። ማናችንም አልተከራከርናትም። እውነቱን ለመናገር ግን እኛም በሆዳችን የየራሳችንን ቦታ ይዘን ነው ወደ ቤታችን የገባነው።

ባለፈው እሁድ ዲስኳን ይዛ መጣች። ከዕቃ ጋር ተጠቅልላ ተርፋለች፣ ማቀፊያ የላትም፣ ጀርባዋ ሁሉ ጭረት ነው። የሚያጫውታት ማሽን ደግሞ ከአራታችን ቤት ጠፋ። የአንዳችን ታናሽ ወንድም፣ የ12 ዓመት ልጅ፣ ፊልሞቹን ገና ሊጀምር ስለሆነ ከየትኛው ይጀምር በሚለው ተጣላን። በወጡበት ቅደም ተከተል? በታሪኩ ቅደም ተከተል? ልጃችን "በዲስኳ ቅደም ተከተል፣ ቶኪዮ መጨረሻ፣ ከዚያ ያብቃ" አለች።

ልጁ ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም።

"ሀን እኮ አልሞተም፣ ቲክቶክ ላይ አይቼዋለሁ" አለ።

"ዝም በል!" አለችው። "ሲሞት አንተ የት ነበርክ?"