ለምግብ የተባለው ሲሶ የት ደረሰ?



ውድ አንባብያን፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሐኪም ወይም ዓሊም ሆኜ አይደለም። ደሴ ከተማ የምኖር፣ የአራት ልጆች እናት ነኝ። ክብደት እቀንሳለሁ ብዬ ተነስቼ ራሴን ለብርቱ ድካም ዳርጌ ነበር። ድካሙ የመጣበትን ምክንያት ባለማወቄ ደግሞ ጉዳቱ በእኔ ብቻ ሳይወሰን ልጄ ዘንድ ሊደርስ ነበር። ምናልባት በተመሳሳይ መንገድ ላይ ያለች አንዲት እህት ትማርበት ይሆናል በማለት የሆነውን እነግራችኋለሁ።

ነገሩ ያስደነገጠኝ አንድ ቀን ሱብሒ ሶላት ላይ ነው። በሁለተኛው ረከዓ ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ እረፍት ተሰማኝ። እረፍቱ የኹሹዕ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! ነገር ግን ከድካሜ የተነሳ መሬቱን ማግኘቴ ብቻ ነበር ያስደሰተኝ። እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት ከኋላዬ ስትሰግድ የነበረችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ትከሻዬን ስትነካኝ ነው። ለመነሳት ስሞክር ዓይኔ ጨለመ፤ ግድግዳ ይዤ ቆምሁ።

«እማ፣ አሞሻል?» አለችኝ።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ሰንፌ ነው» አልኋት።

እንዲህ ያልሁት ከልቤ ነበር። ደክሞኝ ሳይሆን ሰንፌ ነው ብዬ አምን ነበር።

እስቲ ወደ መነሻው ልመለስ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የስኳር በሽታ ነበረባት። እግሯ ላይ የወጣ ትንሽ ቁስል አልድን ብሎ እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሰግድ፣ ሶላቷን ስትጨርስ ያንን የጎደለ እግሯን በእጇ ስትዳብስ አይቻለሁ። ታዲያ አራተኛ ልጄን ከወለድሁ በኋላ ክብደቴ 86 ኪሎ ደርሶ፣ በጾም ሆዴ የተለካው የደሜ ስኳር 118 ሆኖ ሲገኝ፣ ነርሷ «ገና በሽታ አይደለም፤ ድንበሩ ላይ ነሽ፤ ክብደትሽን ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ» ስትለኝ የታየኝ ያ ወንበር ነበር።

ምክሯ ትክክል ነበር። ስሕተቱ የእኔ አፈጻጸም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርስ ተውሁ። ምሳ ላይ ከእንጀራው ዳር ዳሩን ቆርሼ እነሳለሁ። ማታ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቼ እተኛለሁ። ከሱብሒ በኋላ ወደ ጦሳ የሚያወጣውን ዳገት አንድ ሰዓት ሙሉ እሄዳለሁ። ከመግሪብ በፊት ደግሞ ጓሮ ገብቼ ገመድ እዘላለሁ። ረሃቡን የማስታግሰው በቡና ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ምንም አያመልጠኝም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 4 ኪሎ ቀነስሁ። ጎረቤቶቼ «ማሻአላህ» ሲሉኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ከዚያ ውስጥ ብዙው ውኃ ነበር። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚያስቀምጠው የስኳር ስንቅ አለ፤ ይህ ስንቅ ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚወጣው ይህ ስንቅ ነው፤ ውኃውም አብሮት ይሄዳል። እኔ ግን ስብ የቀለጠ መስሎኝ ሚዛኑን አመሰገንሁ።

በአራተኛው ሳምንት ሚዛኑ ቆመ። ድካሙም ጀመረኝ። ዳገቱ ላይ ጉልበቴ እንደ እርሳስ ከበደኝ። ሌላው ሰው ሳይበርደው እኔ ጋቢ ደራርቤ እቀመጣለሁ። ትንሹ ልጄ ውኃ ቢያፈስስ እጮኻለሁ፤ ከጮኽሁ በኋላ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ቁርኣን ይዤ ስቀመጥ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነባለሁ እንጂ አልገፋም። ከዚህ ሁሉ የደረስሁበት መደምደሚያ ምን ነበር መሰላችሁ? «በልቼ ይሆናል» የሚል! ስለዚህም ያችኑ ምሳዬን ይበልጥ ቀነስኋት።

ራሴን የምገርፍበት አንድ ጅራፍም ነበረኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰው ልጅ ሆዱን እንዳይሞላ አስተምረው፣ መብዛት ካለበት ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ እንዲሆን ያመለከቱበትን ሐዲስ በተራብሁ ቁጥር ለራሴ አነሳ ነበር። አንድ ቀን ማታ የልጆቼ አባት ትሪው ፊት ተቀምጦ ብላ ቢለኝ ይህንኑ ሐዲስ ጠቀስሁለት። ዝም ብሎ አየኝና፣

«መልካም ነው። ሻዩ ይኸው አለ፤ ትንፋሹም አለ። ለምግብ የተባለው ሲሶስ የት ደረሰ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ተቆጥቼም ተነሳሁ። ነገር ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ሐዲሱ ጥጋብን ሲከለክለኝ ሰምቻለሁ፤ ለምግብ ድርሻውን ሲሰጥ ግን አልሰማሁም።

ልቤን የሰበረው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ሳምንት ምሳ ቀርቦ ስንቀመጥ ልጄ ሁለት ጊዜ ቆርሳ እጇን ሰበሰበች። «ብይ እንጂ» አልኋት። «ይበቃኛል እማ፤ እኔም ወፍሬያለሁ» አለችኝ። ያቺ ልጅ ሸንበቆ ናት! ስጠይቃት ለካ ለሦስት ቀናት ትምህርት ቤት የሚያዝላትን ምሳ ለጓደኞቿ ስትሰጥ ኖራለች። አልመታኋትም፤ አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ ልቆጣ? በአንድ ትሪ የሚበላ ቤተሰብ ውስጥ የአንዱ እጅ ሲመለስ ሌላው ያያል። እኔ ስለ ምግብ አንዲት ቃል ሳላስተምራት እጄ አስተምሯታል። እናቴ የጎደለ እግሯን ያሳየችኝ ሳትፈልግ ነበር፤ እኔም ሳልፈልግ ለልጄ ረሃብን አሳየኋት።

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። የተቀበሉኝ ጤና መኮንን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሚዛን ላይ ከማውጣታቸው በፊት ይጠይቁኝ ጀመር። ምን ትበያለሽ? ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? የወር አበባሽ ይበዛል? ሻይና ቡና የምትጠጪው መቼ ነው? ሁሉን ነገርኋቸው። ደም ታዝዞልኝ ሲመረመር ሄሞግሎቢኔ 10.4 ሆኖ ተገኘ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል።

«እህቴ፣ አንቺ ሰነፍ አይደለሽም» አሉኝ። «ኦክስጅን የሚያመላልሰው ደምሽ አንሷል። በዚያ ላይ ነዳጅ አልሰጠሽውም። በዚያ ላይ ዳገት ታስወጪዋለሽ። ባይደክምሽ ነበር የሚገርመኝ።»

ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ በምስርና በጎመን ያለውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስደው እንደሚያደርጉም ነገሩኝ። እኔ ያችን ጥቂት ምግቤን የማወራርደው በሻይ ነበር።

በመምህርነት የሚሠራው ወንድሜም ይህን ሲሰማ አንድ ታሪክ አጫወተኝ። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ፣ በጦርነት የተራቡ ሰዎችን እንዴት መመለስ እንደሚቻል ለማወቅ ሲል 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃደኝነታቸው ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶ አቆያቸው። በየሳምንቱም ወደ 35 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ነገር ግን ደከሙ፣ በረዳቸው፣ ተነጫነጩ፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ሰውነታቸውም ስንቁ እንዳያልቅበት ወጪውን ቀነሰ። ወንድሜ ይህን ሲተርክልኝ የራሴን ቤት ታሪክ የሚያወራ መሰለኝ። እነዚያ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ተመርጠው የገቡ ጠንካሮች ነበሩ። ሰውነት ሲራብ የሚናገርበት ቋንቋ ድካም ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ብዙ አሰብሁ። በረመዷንም እኮ እንጾማለን፤ እንደክማለንም። ነገር ግን ለጾም ሰሑር አለው፣ ኢፍጣር አለው፤ ለበሽተኛና ለመንገደኛም ፈቃድ አለው። እኔ ለራሴ የደነገግሁት ረሃብ ግን ኢፍጣር አልነበረውም። የሰልማን አል ፋሪሲና የአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ታሪክም ትዝ አለኝ። አቡ ደርዳእ ቀን በጾም ሌሊት በሶላት ራሱን ሲያደክም፣ ሰልማን አብሮት እንዲበላና ሌሊትም መጀመሪያ እንዲያርፍ አደረገው፤ ለጌታህ ሐቅ እንዳለው ሁሉ ለራስህና ለቤተሰብህም ሐቅ አለባቸው ሲል መከረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ቃል አጸደቁለት። ለዒባዳ ሲባል እንኳ የሰውነት ሐቅ የማይነካ ከሆነ፣ ለሚዛን ቁጥር ሲባል እንዴት ይነካል?

ከዚያ ወዲህ መንገዴን ለወጥሁ። ክብደት መቀነሱን አልተውሁም፤ የእናቴ ወንበር አሁንም ፊቴ ነው። ግን ቁርሴን መለስሁ፤ አንድ ቀን እንቁላል፣ አንድ ቀን የተቀቀለ ባቄላ። ምሳ ላይ ግማሽ እንጀራ ከምስር ወጥና ከጎመን ጋር፣ ሎሚ ጨምቄበት እበላለሁ። የቀነስሁት ዘይቱንና ቅቤውን፣ ስኳሩንና ከቡና ጋር ሳላውቀው የምቆረጥመውን ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቄ እጠጣለሁ። የታዘዘልኝን የብረት ክኒን ጨረስሁ። ከዒሻ በኋላ ወሬ ትቼ እተኛለሁ።

እንቅስቃሴውንም በልክ አደረግሁት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ሜዳ ሜዳውን እየሄድሁ ጀመርሁ፤ ጉልበቴ ሲመለስ ወደ ዳገቱ ዞርሁ። ብዙ ጊዜ የልጆቼ አባት አብሮኝ ይወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ መወዳደራቸውን አንስቶ «እኛ ደግሞ መራመድ ይበቃናል» እያለ ይቀልዳል።

አንድ ኪሎ ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በአንድ ሳምንት ያልተከማቸው በአንድ ሳምንት አይወርድም። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይቀንስ፣ በስምንት ወር 75 ኪሎ ደረስሁ። ስኳሬ 97፣ ሄሞግሎቢኔ 12.6 ሆኗል። አልሐምዱሊላህ።

አሁን አይደክመኝም ልላችሁ አልችልም። ዳገት የወጣ ሰው ይደክመዋል። ግን ሁለቱን ድካም ለየኋቸው። አንደኛው እረፍትና እንቅልፍ የሚያነሳው ነው፤ ማታ አስተኝቶ ጠዋት ይለቅቃል። ሁለተኛው ተኝተሽ ስትነሺ አብሮሽ የሚነሳው ነው። ይህኛው ሲመጣ እህቴ ሆይ፣ ምሳሽን አትቀንሺ፤ ተመርመሪ። ደረት የሚያምሽ፣ ትንፋሽ የሚያጥርሽ፣ የሚጥልሽ፣ ወይም ጥማትና ሽንት የሚያበዛብሽ ከሆነማ ቀጠሮ አትጠብቂ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ምግብ አትቀንሱ፤ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ልጄ ወደ ትሪው የተመለሰችው በምክር አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ቢስሚላህ ብዬ ፊቷ በደንብ ቆርሼ በላሁ፤ ዓይኗ እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ጠቅልዬ አጎረስኋት። እሷም በትንሽ እጇ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች። «እማ፣ ሰንፌ ነው ያልሽኝ እኮ ውሸት ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ውሸት ሳይሆን አለማወቅ ነበር ልጄ» አልኋት፤ ጉርሻዋንም ተቀበልሁ።

አላህ በአማና የሰጠንን አካል ሐቁን የምንጠብቅለት ያድርገን። ኣሚን። ወሏሁ አዕለም።