ማጣሪያው የት አደረ?

የወጣቶች ጉዞ የሚታቀድበት ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። የመኪናው ኪራይ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ምግቡ ሌላ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ጊታሩን ማን ይያዝ፣ ድንኳን ከማን እንዋስ፣ የእነ እገሌ ወላጆች ይፈቅዳሉ ወይ እየተባለ ይመሻል። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ከማስታወሻዋ ቀና ብላ «ውኃስ?» ትላለች። አንዱ «እዚያ ወንዝ አለ» ይላል፤ ስብሰባው በጸሎት ይዘጋል።

ባለፈው ዓመት «እዚያ ወንዝ አለ» ያልኩት እኔ ነኝ። የወጣቶቹ አስተማሪ፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ የተማርኩ ሰው።

ጉዟችን ወደ ባሌ ተራሮች ነበር። ከዲንሾ ተነሥተን ጓዛችንን በፈረስ አስጭነን፣ በእግራችን ወደ ዌብ ሸለቆ ወጥተን፣ ሁለት ሌሊት በድንኳን አድረን ልንመለስ ነው። 11 ነን። አንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ቢያስፈልገው፣ ለሦስት ቀን 99 ሊትር ማለት ነው፤ ወደ 100 ኪሎ። የታሸገ ውኃ እንግዛ ብንል ለውኃ ብቻ ሌላ ፈረስ መከራየት ሊኖርብን ነው፤ ባዶውን ፕላስቲክም መልሰን መሸከም አለብን። ስለዚህ ማጣሪያ ይዘን መሄዳችን ትክክል ነበር። ስሕተቱ አመራረጤ ላይ ነው።

አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ለበዓል ስትመጣ ምን ላምጣልህ አለችኝ። እኔም ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን፣ ከሁሉ ቀላሉንና ቀዳዳው ከሁሉ ጠባቡን አዘዝኳት። መጣልኝ። ከአውራ ጣት ትንሽ ይወፍራል፣ 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ካርቶኑ ላይ «0.1 ማይክሮን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ያንን አነበብኩና ረካሁ፤ ውስጥ ያለችውን የመመሪያ ወረቀት ግን ከካርቶኑ ጋር ጣልኳት።

ቁጥሩ አልዋሸኝም። እነዚህ ማጣሪያዎች ውስጣቸው እንደ መኮሮኒ ባዶ የሆኑ፣ ከክር ግን ብዙም የማይወፍሩ ቱቦዎች ታጭቀውባቸዋል። ውኃው በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲያልፍ ተሕዋስያኑ ይቀራሉ። ተቅማጥ የሚያመጡ የተለመዱ ባክቴሪያዎች ውፍረታቸው ግማሽ ማይክሮን ያህል ነው። ሁላችንም በስም የምናውቀው ጃርዲያ፣ ውኃ ውስጥ በሚቆይበት ቅርጹ፣ ወደ 10 ማይክሮን ይጠጋል። 0.1 ማይክሮን በሆነ ቀዳዳ እንዲያልፍ መጠበቅ ዝሆንን በድመት መግቢያ ለማስገባት እንደ መሞከር ነው። ቱቦዎቹ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ አንዱ ስሕተቴ ታየ። ትንሹ ማጣሪያ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው፤ እኛ 11 ነን፣ ቀኑን ሙሉ ስንሄድ የዋልን፣ የተጠማን። ቆሻሻውን ውኃ በላስቲክ ከረጢት ሞልቶ፣ ማጣሪያውን አፉ ላይ ጠምዝዞ በሁለት እጅ መጭመቅ ነው። አንዱን ሊትር ለማውጣት ደቂቃዎች ይፈጃል። ከአምስተኛው ሰው በኋላ ከረጢቱ በስፌቱ በኩል ተተረተረ። ወረፋው የሰለቻቸው ሁለት ልጆች ደግሞ «ጋሼ፣ ውኃው እኮ እንደ መስተዋት ነው!» ብለው ከጅረቱ በእፍኛቸው ጠጡ። አላየሁም ማለት አልችልም። ከእኛ በላይ፣ በጅረቱ ዳር ዳር፣ ከብቶች ይግጡ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ሌሊት ተፈጸመ። ዌብ ሸለቆ ወደ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በበጋ ወራት ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ደግሞ በረዶ ይሠራል። ጠዋት ስንነሣ የድንኳናችን ጣራ ነጭ ሆኗል፣ ከውጭ የቀሩት ጠርሙሶችም ውስጣቸው ረግቷል። ማጣሪያው ያደረው ውጭ ባስቀመጥኩት ሻንጣ የጎን ኪስ ውስጥ ነው። ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ፀሐይ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ አስቀመጥኩት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውኃ ማሳለፍ ጀመረ። እንዲያውም ከትናንቱ ይፈጥናል! ደስ አለኝ። «ተባረከ» ብዬ ለልጆቹ አሳየኋቸው፣ ሳቅን፣ ሁላችንም ከእሱ ሞልተን ጠጣን።

ውኃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። አንድ ጊዜ ውኃ የገባበት ማጣሪያ ደግሞ ብናራግፈውም ቱቦዎቹ ውስጥ እርጥበት ይቀራል። ያ እርጥበት ሲረጋ ቱቦዎቹን ከውስጥ ሊሰነጥቃቸው ይችላል፤ ስንጥቁ ከውጭ አይታይም፣ የውኃውም ጣዕም አይለወጥም። የፈጠነበትን ምክንያት ልጠይቅ ሲገባኝ አመሰገንኩበት። እንዲህ ያሉ ማጣሪያዎች መመሪያ የሚለው አንድ ነው፦ ረግቶብኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ጣሉት። ለካስ የጣልኳት ወረቀት ይህን ይዛ ነበር።

ከተመለስን በ10ኛው ቀን ገደማ ስልኬ ጠራ። የአንዷ ተማሪዬ እናት ናቸው። ልጅቷ ሆዷ ይነፋል፣ ግሳቷ ይሸታል፣ የበላችው አይረጋላትም፤ ሰገራዋ ሲመረመር ጃርዲያ ተገኘ። «አስተማሪ፣ ልጄን ምን አጠጣችኋት?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መድኃኒቷን ወስዳ ዳነች፤ ግን የአጋማሽ ፈተናዋ አልፏት ነበር። በእፍኛቸው ከጠጡት አንዷ አይደለችም። እኔ ሞልቼ የሰጠኋትን ብቻ ነው የጠጣችው። በሽታው ሌላ ቦታ ይዟት ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬአለሁ፤ ብዙም አላጽናናኝም።

ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ማጣሪያ እንግዛ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ቶሎ አልመልስም። መጀመሪያ እኔ ነኝ የምጠይቃችሁ፦ ከምትጠጡት ውኃ በላይ ማን ነው ያለው?

እዚያው ዌብ አካባቢ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች ኖረውበታል፤ የሚበሉት ግዙፉን ፍልፈል፣ የሚጠጡት በዚያን ዘመን ተራራው ላይ ከነበረው ግግር በረዶ የሚቀልጠውን ውኃ ነበር። እነሱ ማጣሪያ አላስፈለጋቸው ይሆናል። ዛሬ ግግሩ የለም፣ ከብቱና ፈረሱ ግን አለ። ከብት ብቻ ካለበት ጅረት ዋናው ሥጋት ባክቴሪያና እንደ ጃርዲያ ያሉት ናቸው፤ ጤነኛ ማጣሪያ ይበቃቸዋል። ከላይ መንደር ካለ፣ ሰው የሚጸዳዳበት ካለ፣ ነገሩ ይለወጣል። የጉበት በሽታና የተቅማጥ ቫይረሶች ከ0.1 ማይክሮን ያነሱ ናቸውና ሾልከው ያልፋሉ። እንዲህ ላለው ውኃ ካጣራችሁ በኋላ አፍሉት፣ ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለ ክሎሪን በመለያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ክሎሪን ብቻውን ደግሞ ጃርዲያን በቀላሉ አያሸንፍም፤ ለዚህ ነው ሁለቱ የሚደጋገፉት።

ማፍላት ከሁሉም ይበልጣል የሚሉኝ እናቶች ልክ ናቸው። በ3,500 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም፣ ሦስት ደቂቃ ከተንተከተከ ይበቃል። ችግሩ ማገዶው ነው። ለ99 ሊትር የሚበቃ ጋዝ ማን ይሸከማል? የፓርኩን አስታ ቆርጠን እንዳናነድ ደግሞ ክልክል ነው፣ ባይከለከልም ነውር ነው።

ወደ ላንጋኖ ለምትሄዱት አንድ ነገር ልጨምር። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል፤ የዚያን አካባቢ ሰዎች ጥርስ ያየ ያውቀዋል። ፍሎራይድ የሟሟ ነገር ስለሆነ የእኛ ዓይነቱ ማጣሪያ አይነካውም፣ ማፍላትም አያወጣውም። ለሦስት ቀን ብላችሁ አትሸበሩ፤ ነገር ግን «ማጣሪያ አለን» ብላችሁ ለዚያም ይበቃል እንዳትሉ። የሐይቁ ውኃ ደግሞ ደፍራሽ ነው፣ ማጣሪያውን ወዲያው ይደፍነዋል። የግድ ከሆነ በባልዲ አስቀምጡት፣ ጭቃው ሲዘቅጥ ላዩን በታጠፈ ነጠላ አጥልሉ፣ ከዚያ አጣሩ።

በመምጠጫ መልክ የተሠራውን፣ አፍ ላይ አድርገው ከወንዙ የሚስቡትን፣ ብዙዎቻችሁ ትወዱታላችሁ። እኔም ታሪኩን እወደዋለሁ። ላይፍስትሮው የተባለው ከጊኒ ዎርም ጋር ከተደረገው ትግል የተገኘ ነው፤ በሽታውን የምትሸከመውን ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ለማስቀረት ለመንገደኞች በአንገት የሚንጠለጠል ቱቦ ይታደል ነበር። ጋምቤላ ውስጥ የሠራ ሰው ካላችሁ ጠይቁት። ለብቻው ለሚሄድ ሰው መልካም ነው። ለቡድን ግን ወጥ አይሠራበትም፣ ሻይ አይፈላበትም፣ ለታመመ ጓደኛ ቀድቶ ማቀበልም አይቻልም።

ለቡድን የምመክረው ከፍ ብሎ የሚሰቀለውን ነው። 4 ሊትር የሚይዝ የቆሻሻ ውኃ ከረጢት ከላይ፣ በመካከል ማጣሪያው፣ ከታች ንጹሑ። ማንም አይጨምቅም፤ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ እናንተ ድንኳን ስትተክሉ ይሞላል። ዌብ ላይ ዛፍ የለም፣ ሦስት ዱላ አስሮ መስቀል ነው። ሁለቱን ከረጢቶች በቀለም ለዩ፣ የቆሻሻውን የነካ እጅ የንጹሑን አፍ አይንካ። ማታ ማታ በንጹሕ ውኃ ወደ ኋላ እጠቡት። ክብደቱ 300 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ 11 ሰው ለሚያጠጣ ዕቃ ይህ ምን ክብደት ነው? ክሎሪንም መጠባበቂያ ያዙ፤ አንድ ማጣሪያ ብቻ ይዞ መውጣት ማለት እኔ ያደረግሁት ማለት ነው።

የዘንድሮው ጉዞ ዕቅድ ስብሰባ ባለፈው ሳምንት ነበር። እንደ ወትሮው መኪናው አንድ ሰዓት፣ ምግቡ አንድ ሰዓት ፈጀ። «ውኃስ?» ሲባል አዲሱን ማጣሪያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ መመሪያውን ከነማጠፊያው። አምና የታመመችው ልጅ ወረቀቱን አንሥታ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ማጣሪያውን ወደ ራሷ ሳበችና «ጋሼ፣ ይኼ የሚያድረው እኔ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ነው» አለች። ጸሐፊዋ ጻፈችው።