ማስረሻ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስማችሁን እስከ አያት ጥሩ ብትባሉ ሳታስቡ ትመልሳላችሁ። የአያታችሁ ስም ለምን እንደወጣላቸው ብትጠየቁስ? እኔ እስካለፈው ዓመት ድረስ መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ የጀመረው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። ፓስፖርት ገና አላወጣሁም፤ ለውጭ አገር ትምህርት ማመልከቻ እየሞላሁ ነበር። ቅጹ «ላስት ኔም» የሚል ሳጥን አለው። ባዶውን ስተወው አላሳልፍ አለኝ። የቤቱ ሠራተኛ አየት አድርጎኝ «የአያትህን ስም አስገባ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለኝ።

የአያቴ ስም ማስረሻ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስሙን አልወደውም ነበር። ልጅ ሆኜ የቤት ሥራ ረስቼ ክፍል በገባሁ ቁጥር «ምን ያድርግ፣ የማስረሻ ልጅ!» እየተባለ ተስቆብኛል። ስለዚህ ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ውጭ አገር እስከ ልጅ ልጆቼ የሚከተል ስም ከሆነ፣ ለምን ደስ የሚለኝን አልመርጥም? ጌታን ካገኘሁ ጀምሮ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ያምረኝ ነበር። ምናሴ የሚለው ለጆሮዬ ጣፈጠኝ። ቅጹን ሳልልክ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ከወጣቶች ጥናት ስንወጣ ሐሳቤን ለጓደኛዬ አጫወትኩት። «ትርጉሙን ታውቀዋለህ?» አለኝ። አላውቅም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 41ን ገልጦ ሰጠኝ። ዮሴፍ በግብፅ የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው፣ እግዚአብሔር ድካሙንና የአባቱን ቤት ስላስረሳው ነው። ጓደኛዬ ሳቀ፤ «ታዲያ ይኼ ያው ማስረሻ ማለት አይደለም እንዴ?»

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ከአያቴ ስም ሸሽቼ የደረስኩት እዚያው አያቴ ስም ላይ ነው። የዮሴፍ ልጅ ለምን ምናሴ እንደተባለ አሁን አውቃለሁ። አያቴስ?

የጎንደር ልጆች ከሆናችሁ የፋሲል ግቢን ታውቁታላችሁ። ዐፄ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ቆረቆሩ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ፣ ከዚያም እነ ዐፄ ዳዊትና ዐፄ በካፋ፣ እያንዳንዳቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ሠሩ፤ ሕንፃዎቹም የሚጠሩት በየሠሪያቸው ስም ነው። የእኛም ስም እንደዚሁ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለንም። አንድ ልጅ ሲወለድ አዲስ ስም ይወጣለታል፤ አባቱና አያቱ ከኋላው ይቆማሉ፤ ቅድመ አያቱ ግን ከመታወቂያው ላይ የለም። ሽማግሌዎቹ ለጋብቻ ሲሉ ዘርን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ስለነበር፣ ከወረቀት የወረደው ከአፍ አይወርድም ነበር። ዛሬ ከእኛ መካከል አራተኛውን የሚያውቅ ስንት ነው?

ስም መቀየርም ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቋራው ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ መይሳው ካሳ ይላቸዋል። የመጀመሪያው ስም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

አንድ ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፌ ደባርቅ ደረስኩ። የአያቴ ታናሽ እህት የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ጋቢያቸውን ደርበው ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል። የገብስ ቆሎ ቀረበልኝ።

«እማማ፣ አያቴን ለምንድን ነው ማስረሻ ያሏቸው?»

ዝም ብለው አዩኝ። «ዛሬ ምን አስታወሰህ?» አሉ። ቆይተው ቀጠሉ። «ከእሱ በፊት ወንድ ልጅ ነበር። በእግሩ ሄዶ፣ አፉን ፈትቶ ነበር፤ ክረምት ላይ ሞተ። ቀጥሎ ወንድሜ ሲወለድ እናታችን ማስረሻ አለችው። ይኼን የነገረችኝ እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን የቀበርኩ ዕለት ነው። እኔም ተከታዩን ካሳ አልኩት።»

አጎቴን ካሳን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ስማቸው ስለ ምን የተከፈለ ካሳ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

«የሞተው ልጅስ? ስሙ ማን ነበር?»

«እንጃ ልጄ። እናቴ <ያ ልጅ> ነበር የምትለው። ስሙን ስትጠራ አልሰማሁም። ማስረሻን ስትጠራ ግን አንዳንዴ ድምጿ ይሰበር ነበር።»

በመልሱ ጉዞ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። በአንድ በኩል ስሙ ሥራውን ጨርሶ ሠርቷል፤ የዚያን ሕፃን ስም ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። በሌላ በኩል ቅድመ አያቴ አንድ ቀንም አልረሳችም። «ማስረሻ!» ብላ ለእራት በጠራችው ቁጥር ለምን እንዳለችው ታውቃለች። ዮሴፍም እንዲሁ ነው። የአባቴን ቤት ረሳሁ ብሎ ለልጁ ስም ያወጣው ሰው፣ ወንድሞቹ ፊቱ ሲቆሙ ዞር ብሎ አለቀሰ። እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጣው የረሳ ሰው አይደለም፤ ሐዘኑን ይዞ እንደገና ልጅ ማቀፍ የቻለ ሰው ነው። እኔ የሳቅ ምክንያት ያደረግሁት የአንዲትን እናት ጸሎት ነበር።

ሰኞ ተመልሼ ሳጥኑን ሞላሁት፤ ማስረሻ። ለሚያነቡት ሰዎች ትርጉም የሌለው ቃል ይሆናል። ልጆች ቢኖሩኝና ስሙ ቢከተላቸው ግን ታሪኩንም አብሬ እሰጣቸዋለሁ።

እናንተም የአያታችሁን ስም ምክንያት የሚያውቅ አንድ ሰው በሕይወት ይኖር ይሆናል። የሚቀጥለውን በዓል አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሂዱ ወይም ደውሉ፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። የሞቱትንም ስም ጠይቁ። እኔ ለዚያኛው ጥያቄ ዘግይቼ ነው የደረስኩት።