ቸሩ አምባገነን ሥልጣኑን በለቀቀ ጊዜ

በሀገራችን ሥልጣን መልቀቅ ሲነሣ አብሮ የሚታወሰው ሞት፣ ስደት ወይም ጠመንጃ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከፖለቲካው ሜዳ ጥቂት ራቅ ብዬ ከሙያዬ አካባቢ አንድ ታሪክ ላቀርብ ወደድሁ። የኮምፒውተር ባለሙያ ላልሆነው አንባቢም ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የፈጠረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ከሆነ ጀምሮ ማንም በነጻ ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው ይችላል። በቋንቋው ላይ የሚታሰብ ለውጥ በጽሑፍ ቀርቦ ክርክር ይደረግበታል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የፈጣሪው ነበር። ወዳጆቹም ቀልድም ቁም ነገርም ባለው አነጋገር «የዕድሜ ልክ ቸር አምባገነን» ይሉት ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ስለ አንዲት አዲስ ምልክት የተነሣው ክርክር እጅግ መረረ። ጊዶ ሐሳቡን አጸደቀ፤ ሐምሌ 5 ቀን ግን ከወሳኝነት መንበሩ መነሣቱን አስታወቀ። ተተኪ አልሾመም። ዴሞክራሲም ሆነ ሌላ፣ የሚበጃችሁን እናንተው ምረጡ ብሎ ነገሩን ለባልንጀሮቹ ተወው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የቋንቋው ዋና ገንቢዎች «ማን ይምራን?» ከማለታቸው በፊት «እንዴት እንመራ?» ብለው ጠየቁ። ሰባት የአስተዳደር ሐሳቦች በጽሑፍ ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 በተሰጠው ድምፅ መራጩ ሐሳቦቹን በምርጫው ቅደም ተከተል ይደረድር ነበር፤ «ውይይቱ ይቀጥል» የሚልም አማራጭ ነበረው። ያሸነፈው ሐሳብ አምስት አባላት ያሉት ጉባኤ አቋቋመ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ከሁለት ሰው በላይ በጉባኤው አይቀመጥም፤ ገንቢዎቹም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊሽሩት ይችላሉ። ጊዶ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ተመረጠ፤ ለተከታዩ ምርጫ ግን ከዕጩነት ራሱን አገለለ።

ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? ለሚል አንባቢ መልስ አለኝ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በፓይተን ውስጥ የሚሰጡ ስያሜዎች በላቲን ፊደል ብቻ እንዳይወሰኑ ሐሳብ ቀርቦ፣ «የሌላው ሰው ጽሑፍ አይነበብልንም» የሚል ተቃውሞ ቢገጥመውም ጸደቀ። እነሆ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ የተቀመጠ ተማሪ በፕሮግራሙ ውስጥ «ዋጋ» ወይም «ድምር» ብሎ በገዛ ፊደሉ መሰየም ይችላል። ባልተገኘንበት ሸንጎ የተወሰነው ነገር በጀን፤ ባልተገኘንበት ሸንጎ የሚወሰነው ሁሉ ይበጀናል ማለት ግን አይደለም። ለመገኘትም መስመር ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ተማሪው ከእንዲህ ያለው የዓለም ሸንጎ ውጭ ቀርቷል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችንም ስለ ለውጥ ሐሳብ የሚናገር አንቀጽ አለው። በአንቀጽ 104 መሠረት በቂ ድጋፍ ያገኘ የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት። ጽሑፉ መልካም ነው። የጎደለን በጽሑፍ ያሰፈርነውን ሥርዓት የማክበር ልማድ ይመስለኛል።

አንድ ልዩነት ግን መዘንጋት የለበትም። በነጻ ሶፍትዌር ዓለም በድምፅ የተሸነፈ ወገን ቅጂውን ወስዶ የራሱን ጎጆ መቀለስ ይችላል። አብላጫውም ይህን ስለሚያውቅ ድሉን በልክ ይይዛል። ሀገር ግን አትቀዳም። የደብረ ማርቆስ ገበሬ በድምፅ ቢሸነፍ እርሻውን ጠቅልሎ የሚሄድበት ቅጂ የለውም። ስለዚህ በሀገር ጉዳይ የተሸናፊው መብት ከሶፍትዌሩ ዓለም ይልቅ አብዝቶ ሊጠበቅ ይገባል። እኛ ግን የኖርነው በተቃራኒው ነው፤ አሸናፊው ሁሉን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ተሸናፊውም ጫካ ይገባል።

ስለ አንዲት ምልክት የተጨቃጨቁት ሰዎች ከጭቅጭቁ በኋላ አብረው መሥራታቸውን ቀጥለዋል። ምልክቲቱም እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው እትም ገብታ፣ የተቃወሟትም የደገፏትም ይጠቀሙባታል። እኛስ የሚቀጥለውን መሪ ስም ከመጥራታችን በፊት የሚቀጥለውን ደንብ ለመነጋገር መቼ እንቀመጥ ይሆን?

ቸር ይግጠመን።